የአባቢ መንጃ ፈቃድ

«ምስሬ፣ ያ ሰውዬ ትራፊክ ነው ወይስ ዘበኛ?»

ምስራ ጋቢና ቁጭ ብላ ቆሎ እየቆረጠመች ነበር። ቀና ስትል ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ደርሰዋል። መሀል አስፋልት ላይ የቆመው ሰውዬ ነጭ ኮፍያ አድርጓል፣ ፊሽካ ነክሷል፣ እጁን ደሞ ወደነሱ ቀጥ አድርጎ ዘርግቷል።

«ትራፊክ ነው! ቁም አባቢ! ቁም፣ ቁም፣ ቁም!»

አባቷ ጁነዲን ፍሬኑን ደፈጠጠው። ቫኗ ተንሸራታ ቆመች፤ ኋላ የተደረደረው የሳሙና ካርቶን ተግተልትሎ መጥቶ ወንበራቸውን ገጨው። ትራፊኩ አፍጥጦ አያቸው። አያቸው፣ አያቸው… ከዛ የሆነ ታክሲ ላይ ፊሽካውን ነፋና ዞረ።

«አይቼው ነበር እኮ» አለ ጁነዲን። «ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

«እሺ አባቢ።»

ምን ትበል ታዲያ? ክረምቱ እንዲሁ ነው ያለቀው። ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትና እንደጨረሰች «ቤት ቁጭ ብለሽ ከሚደብርሽ ከኔ ጋር ዙሪ» ሲላት እንዴት ደስ እንዳላት! ጋቢና፣ መስኮት ከፍቶ፣ የመርካቶን ግርግር እያዩ… በቃ ፈታ ማለት ነው ብላ ነበር። ነቄ ያለችው ከሳምንት በኋላ ነው። አባቢ ይዟት የሚዞረው እንዳይደብራት ብሎ አይደለም። «ያ ቀይ ነገር ምንድነው?»፣ «በቀኝ ሰው አለ?»፣ «ታፔላው ላይ ምን ይላል?» ሲል የሚመልስለት ሰው ስለሚፈልግ ነው። በቀኝ ዓይኑ ምንም አያይም ማለት ይቻላል። በግራው ደሞ ሁሉ ነገር ጉም ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው።

የሚገርመው፣ ማንም አያውቅበትም! ጁነዲን መርካቶ ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ነድቷል። የቱ ጋ ጉድጓድ እንዳለ፣ የቱ ጋ የቱቦው ክዳን እንደተሰረቀ፣ የትኛው ባለሱቅ ሚዛኑን መንገድ ላይ እንደሚያወጣ በቃሉ ነው የሚያውቀው። ከሸማ ተራ አብነት እስኪደርስ ስንቴ ማርሽ እንደሚቀይር ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ሰው ሲነዳ ሲያየው «ጁነዴ ለስላሳ ሹፌር ነው» ነው የሚለው። ለስላሳ የሆነው ግን ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄደው ደሞ ስለማያይ።

እስከ ነሐሴ ሀያ አራት ድረስ ይሄ የሁለታቸው ብቻ ሚስጥር ነበር። እናቷ ሀጅራ ራሷ አታውቅም። የዛን ቀን ግን ሀጂ ሽኩር መጋዘናቸው በር ላይ ጠሩት። ሀጂ የሳሙና አከፋፋይ ናቸው፤ ቫኗም የሳቸው ናት።

«ስማ ጁነዲን፣ መንጃ ፈቃድህ መቼ ነው የሚያበቃው?»

«ጳጉሜን ሦስት ነው ሀጂ።»

«ዘንድሮ ቀልድ የለም። የታደሰውን አምጥተህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ካላስቀመጥክልኝ ከበዓል በኋላ ቁልፉን ውብሸት ይይዘዋል። ጠልቼህ እንዳይመስልህ። አንድ ነገር ቢፈጠር ‹ምን ዓይነት ሹፌር ነው የቀጠርከው› ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ውብሸት ካርቶን ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ደረቅ አንድ የሚባለውን የጭነት መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት አልሞላውም። ስሙ ሲጠራ ቀና ብሎ ፈገግ አለ፤ ሰውየው ክፋት የለውም፣ ግን ምስራ በዛች ሰዓት ፈገግታውን በሳሙና ልታጥበው ፈለገች።

«ቀላል ነው ሀጂ፣ በሁለት ቀን ጨርሼ አመጣለሁ» አለ ጁነዲን።

«ምን ምን ነው የሚጠይቁት?»

«የድሮው መንጃ ፈቃድ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ከጤና ጣቢያ ደሞ የምርመራ ወረቀት። ደም ግፊት፣ ጆሮ፣ እንትን…»

«ዓይንስ?»

«አዎ» አለ ጁነዲን፣ «ዓይንም አለ።»

ከመጋዘኑ ሲወጡ የቫኗን በር ቁልፍ ቀዳዳ በጣቱ እየዳበሰ ነው ያገኘው። ምስራ አየችው። እሱም እንዳየችው አወቀ።

«ምስሬ» አላት ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ። «አለቀልኝ።»

አባቷ እንደዚህ ሲል ሰምታው አታውቅም። ቤት ውስጥ ጣራ ሲያፈስ፣ ትንሹ ወንድሟ ሲታመም፣ ሁልጊዜ «አላህ ያውቃል» ነው የሚለው። አለቀልኝ ብሎ አያውቅም።

«አላለቀም አባቢ። ቆይ፣ እኔ አስባለሁ።»

ያሰበችው ግን እሷ አይደለችም። ሰብለ ወንጌል ናት። ሰብሊ የጎረቤት ልጅ፣ የክፍል ጓደኛ፣ የሽምደዳ ንግሥት! ባዮሎጂን አንድም ቃል ሳይገባት ሰማንያ ስምንት ያመጣች ልጅ ናት።

«የዓይን ፈተና?» አለች ሰብሊ፣ የግቢያቸው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን እየፈታች። «አንቺ ደሞ! ይሄም ያስለቅሳል? ሰሌዳው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው፤ አይቀየርም። ሽምድድ ማድረግ ነዋ!»

«ሰሌዳውን ከየት አመጣለሁ?»

«ስልክሽ ካሜራ የለውም እንዴ፣ ፋራ?»

ስለዚህ በማግስቱ ምስራ ካርድ አውጥታ «ሳነብ ራሴን ያመኛል» ብላ ጤና ጣቢያ ገባች። የዓይን ክፍሏ ሲስተር ሙሉመቤት ወፍራም፣ ድምጿ ትልቅ፣ እጇ ፈጣን ናት። ውጭ ወረፋው እስከ በሩ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ሦስት ጥርስ ያላት ሹካ ትመስላለች። አንዴ ጥርሷን ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ግራ ታዞራለች፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ደሞ እያነሰች ትሄዳለች። የሚመረመረው ሰው ጥርሷ ወዴት እንደዞረ በእጁ ማሳየት ነው።

ምስራ እስከ መጨረሻዋ መስመር አሳየች። ሲስተር ካርዱ ላይ ልትጽፍ ስታጎነብስ ምስራ ስልኳን ከሻርፗ ስር አውጥታ ቀጭ!

«ዓይንሽ የንስር ነው» አለቻት ሲስተር ቀና ሳትል። «ራስ ምታቱ ከስልክ ነው። ስልክ ቀንሺ!»

ቀጣዮቹን ሁለት ቀናት የምሳ ሰዓታቸውን ቫኗ ኋላ፣ ካርቶን መሀል አሳለፉት። ሰብሊ ሰሌዳውን በማርከር ትልቅ ካርቶን ላይ ገለበጠችው። ምስራ እስኪርቢቶ ይዛ እየጠቆመች ትጠይቃለች፣ አባቷ ይመልሳል። መጀመሪያ ሼም ይዞት ነበር። በኋላ ግን ገባበት። ልጅ ሆኖ መድረሳ ቁርአን ሲቀራ እንደለመደው ከወገቡ እየተወዛወዘ ይላታል፦

«ላይ። ቀኝ፣ ታች። ግራ፣ ላይ፣ ቀኝ። ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ…»

«ከታች ሁለተኛው መስመር፣ ሦስተኛዋ?»

«ግራ!»

«ጋሼ ጁነዲን» አለች ሰብሊ፣ «እርስዎ ሚኒስትሪ ተፈትነው ቢሆን እኛን በልጠው ነበር እኮ!»

ሳቀ። ስንት ሳምንቱ ከሳቀ! ምስራም ሳቀች። ያኔ ነው ሰብሊ ለቀልድ ብላ ካርቶኑን የገለበጠችው። ላዩን ወደ ታች አድርጋ ያዘችና «እስቲ እንደገና ከመጀመሪያው!» አለችው።

ጁነዲን ካርቶኑን ትክ ብሎ እያየ ጀመረ። «ላይ። ቀኝ፣ ታች። ግራ፣ ላይ፣ ቀኝ…» እያለ ወረደው። አንድም ሳይሳሳት፣ ልክ እንደ ቅድሙ።

ሰብሊ ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር። ዘጋችው። ምስራን አየቻት። ካርቶኑ ከሱ አንድ ክንድ አይርቅም።

«ጎበዝ አባቢ» አለች ምስራ። ድምጿ ወጣ አልወጣ። «ሁሉንም አገኘኸው።»

ነሐሴ ሀያ ስምንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገቡ። ምስራ «አብሬው ነኝ» ብላ በሩ ጋ ቆመች። ሲስተር ሙሉመቤት ደም ግፊት ለካች፣ ጆሮውን ፈተነች፣ ከዛ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ቀኝ ዓይኑን ሸፈነችው።

«ይቺ ወዴት ናት ጋሼ?»

«ሲስተር፣ የቱ መስመር ነው የነኩት? የመስኮቱ መስታወት አበራብኝ» አለ ጁነዲን፣ ፈገግ ብሎ።

«ሦስተኛው፣ መጀመሪያ ያለችው።»

«ግራ።»

«ቀጥሎ?»

«ላይ። ከዛ ቀኝ።»

ግራ ዓይኑን ሸፍና ደገመችው። እሱም ደገመው። ውጭ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሌላ ሰው በሩን ያንኳኳል። ሲስተር ማህተሙን አንስታ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መታችው። «ሁለቱም ዓይን ጤነኛ» ብላ ጻፈች። «ቀጣይ!»

በቃ፤ ይሄው ነው። አለፈ!

ሲወጡ ጁነዲን ምስራን እዛው መንገድ ላይ አቅፎ ግንባሯን ሳማት፤ መንገደኛ ሁሉ እያየ። ስፕሪስ ጋበዛት፣ አቮካዶና ማንጎ፣ ትልቁን ብርጭቆ። ወረቀቱን እሷ ቦርሳ ውስጥ አስገባችው፣ የሱ እጅ ሁልጊዜ ቅባት ስለሆነ። «አብነት ያለችውን ጭነት አድርሰን፣ ፎቶ ኮፒ አስነስተን፣ ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ እናስገባዋለን። ዛሬውኑ ያልቃል» አላት። መንገዱን ሙሉ ያፏጫል።

አብነት ሊደርሱ ሲሉ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት አይሱዙ ቆሞ እያራገፈ ነበር። ጁነዲን ቀስ ብሎ መሀላቸው ገባ። ምስራ ደሞ ለሰብሊ «አለፈ!!!» ብላ እየጻፈች ነበር። አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ሦስተኛውን ቃለ አጋኖ ስትጫን ዷ! የሚል ነገር ሰማች።

ቀና አለች። የፊት መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኗል።

«ያ ረቢ!» አለ አባቷ።

ዘላ ወረደች። መሬት ላይ ቢጫ የስፖንጅ ፍራሽ ተዘርግቷል፤ ሁለተኛው ጎማ ስር ገብቷል። በፍራሾቹ መሀል ደሞ ዱባለ አለ። መርካቶ ውስጥ ዱባለን የማያውቅ የለም፤ ተሸካሚ ነው፣ ፍሪጅ ለብቻው ይሸከማል ይባላል። አሁን በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ክርኑ ተልጦ ይደማል።

«ጋሽ ዱባለ! ጋሽ ዱባለ፣ ይሰሙኛል? ምን ሆኑ? ይነሱ እስቲ!»

ዱባለ እግሩን አንቀሳቀሰ። ሌላውንም አንቀሳቀሰ። ከዛ ተነስቶ ተቀመጠና ሰው ሁሉ ከቦት ጁነዲንን አየው።

«ጁነዴ! አንተ ነህ እንዴ? ምነው ወንድሜ፣ ይሄን የሚያክል ቢጫ ፍራሽ አናቴ ላይ ቆልዬ አላየኸኝም?»

«ፍሬኑ» አለ ጁነዲን። «ፍሬኑ እምቢ አለኝ ዱባለ። በአላህ ይቅር በለኝ። ሐኪም ቤት ልውሰድህ።»

«የምን ሐኪም ቤት! ፍራሹ አዳነኝ፤ ዛሬ ብሎኬት ተሸክሜ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ድንኳን ትተክሉልኝ ነበር።» ሰዉ ሳቀ። ዱባለም ሳቀ፣ ክርኑን እየነፋ። «ሂድ፣ ሂድ። ፍሬንህን አሰራ። እዚህ መንገድ ላይ እኮ ልጅ ይሮጣል።»

ፍራሹን አራግፈው አሸከሙት። ሰዉ ተበተነ። አንድም ሰው አልጮኸባቸውም፣ ትራፊክም አልመጣም። ምስራን ያስፈራት እሱ ነው። ማንም ምንም አላለም።

ጁነዲን ቫኗን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ሁለቱም ወደ ፊት እያዩ ተቀመጡ።

«ፍሬኑ ጤነኛ ነው» አለች ምስራ።

«አውቃለሁ።»

«ቢጫ ነበር እኮ አባቢ። ከኔ ቁመት ይበልጣል።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!» መሪውን በመዳፉ መታው። ከዛ ወዲያው ድምጹ ወረደ። «አምና ዓይን ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ለእናትሽም አልነገርኳት። ሞራ ነው አሉኝ። በቀዶ ጥገና ይነሳል፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቆይቶ ሌላውን። እስከዛ መሪ መንካት የለም።»

ምስራ ዞራ አየችው። «ይድናል? ይድናል ነው የምትለኝ?»

«ዓይኑ ይድናል። ቁልፉስ? መርካቶ ውስጥ ሰው ቦታውን ሦስት ወር ለቆ ሲመለስ ቦታው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ይመስልሻል? ውብሸት እዛው ተቀምጧል፣ አላየሽውም? አንዴ ቁልፉን ከያዘ ያዘ ነው። እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ? አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። እናንተን ምን ላበላ ነው?»

«መስከረም ላይ ትምህርት ልጀምር ነው። ያኔ ማን ያይልሃል?»

አንድ ጋሪ በአጠገባቸው እየተንቋቋ አለፈ።

«የማታ ብትማሪስ?» አላት በመጨረሻ፣ ሳያያት። «አንድ ዓመት ብቻ ነው። ቀን ከኔ ጋር…»

ምስራ ወደ መስኮቱ ዞረች። ልትናገር ብትሞክር እምባዋ እንደሚቀድማት አውቃለች።

«ተይው» አለ ጁነዲን። «ተይው፣ አፌ ነው። ሂጂ ወረቀቱን ኮፒ አስነሺና ነይ። ሁለት ኮፒ። ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ፎቶ ኮፒ ቤቷ ከአስፋልቱ ማዶ ናት። ምስራ ተሻግራ ገባች። የምትሠራው ልጅ ማሽኑን ከፍታ «ስንት?» አለቻት።

ምስራ ወረቀቱን አወጣችው። የአባቷ ጉርድ ፎቶ ግማሹ ላይ ሰማያዊ ማህተም አርፏል። «ሁለቱም ዓይን ጤነኛ።» ፎቶው ላይ አባቢ ካሜራውን ሳይሆን ትንሽ ጎን ያለውን ነገር ነው የሚያየው፤ ፎቶ አንሺው «ወደዚህ፣ ወደዚህ» እያለው ነበር። ትዝ አላት።

«እህት፣ ስንት ላንሳልሽ?»

«ቆይ፣ መጣሁ።»

ውጭ ወጥታ ግድግዳ ተደገፈች። ስልኳ ጠራ፤ ሰብሊ ናት።

«ኧረ ‹አለፈ› ብለሽኝ ጠፋሽ! እንኳን ደስ ያለሽ! ግብዣ የለም እንዴ?»

ምስራ ሁሉንም ነገረቻት። ቢጫውን፣ ክርኑን፣ የማታውን።

«እና ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ሰብሊ።

«ሲስተርን እንደገና እንድታየው ልጠይቃት ነው መሰለኝ።»

«ምስሪ፣ አብደሻል? የገዛ አባትሽን ልታስበዪው? ስራው እኮ ነው! ቤታችሁ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«በዛ ላይ ይጠላሻል። ዕድሜ ልኩን ነው የሚጠላሽ።»

«ሰብሊ፣ አንቺ ካርቶኑን ስትገለብጪው ለምን ሳቅሽን አቆምሽ?»

«አላቅም» አለች ሰብሊ፤ «በኋላ ደውይልኝ» ብላ ዘጋች።

ምስራ ወረቀቱን መቅደድ አሰበች። ግን ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፤ ሰሌዳው በቃሉ አለ፣ አይረሳውም። ለሀጂ ሽኩር መንገር አሰበች። ያኔ ደሞ ሰዉ ሁሉ ይሰማል፣ አባቢ መርካቶ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። ወደ ቫኗ ተመልሳ መግባት፣ ቀበቶ ማሰር፣ የማታ መማር፣ ዓይኗን ከመንገዱ ለአምስት ሰከንድ እንኳን አለማንሳት… አንድ ዓመት ሙሉ? ሽንት ቤት ስትሄድስ? ስታስነጥስስ?

ከአስፋልቱ ማዶ ቫኗ ትታያታለች። አባቷ አገጩን መሪው ላይ አስደግፎ ወደሷ አቅጣጫ እያየ ነው። እጇን አነሳችለት። አልመለሰላትም፤ ከዚህ ርቀት አላያትም።

መንገዱን ወደ ቀኝ ይዛ መሄድ ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ በኋላ ቶሎ ቶሎ፣ ልትመለስ ብትል እንኳ እንዳይመቻት። የአትክልት ተራ ጋሪዎችን እየሾለከች፣ ቲማቲም ሳጥን እየዘለለች፣ ሃያ ደቂቃ በእግሯ ሄዳ ጤና ጣቢያ ደረሰች። የተራ ቁጥር ወስዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቁጥሯ ሠላሳ አንድ ነው፤ የተጠራው ሀያ ስምንት።

ስልኳን አውጥታ ደወለችለት።

«የት ሄድሽ አንቺ?» አለ ጁነዲን። «ኮፒው ይሄን ያህል ይቆያል?»

«ጤና ጣቢያ ነኝ አባቢ።»

«እዛ ምን ልታደርጊ?»

«ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ለሲስተር ልመልሰው ነው። ሳልነግርህ አልገባም ብዬ ነው የደወልኩት።»

«ምስራ።» ምስሬ አላላትም። «አታድርጊው። እኔ አባትሽ ነኝ፣ እየለመንኩሽ ነው። ከዛ ተነሺ።»

«አባቢ፣ እኔ…»

ዘጋባት።

ምስራ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችው። ሀያ ዘጠኝ ተጠራ። እጇ ላይ ያለው ወረቀት በላቧ ጠርዙ ረጥቧል። አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሏት። ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ ይሁን አይ፣ እሷም አላወቀችውም። ሠላሳ ተጠራ። አንድ ጎረምሳ ተነስቶ ገባ።

ስልኩ ጮኸ።

«የቱ ጋ ነው የተቀመጥሽው?» አላት አባቷ።

«ከበሩ በስተቀኝ፣ አግዳሚው ላይ።»

ከበስተጀርባው የጋሪ ድምፅ፣ የሰው ጫጫታ ይሰማታል። የሞተር ድምፅ ግን የለም።

«መኪናዋን እዛው አቁሜያታለሁ» አለ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «በእግሬ ነኝ።»

ወረቀቱን ሊነጥቃት እየመጣ ይሁን፣ አጠገቧ ሊቀመጥ፣ ከድምፁ መለየት አልቻለችም። አልጠየቀችውም። ቢነጥቃትም አትሰጠውም፤ እሱን ጉዳይ ቅድም አስፋልቱ ማዶ እያለች ወስና ጨርሳዋለች።

«ቀስ ብለህ ና» አለችው። «ስትሻገር ብቻህን አትሻገር፣ ሰው ይዘህ ተሻገር። እጠብቅሃለሁ።»

በሩ ተከፈተ። «ሠላሳ አንድ!» አለ የሲስተር ሙሉመቤት ትልቅ ድምፅ።

ምስራ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ። እኔ ሰው እየጠበቅኩ ነው።»